ነጭ ክር

"ቀሚስ አንቀበልም" አለችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ፌስታሉን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ እሱ እየገፋች። "ፎቶ አንሥተህ፣ በወረቀት አሳትመህ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዘህ አምጣ። በሦስት ኮፒ።"

"ዛሬ የመጨረሻዬ ቀን ነው እኮ።"

"አይቻለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ። ከአሥራ አንድ በኋላ ግን ወንድሜም ብትሆን መስኮቱን አልከፍትልህም።"

ልብስ ሰፊው ፌስታሉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሰልፉን ለቀቀ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ልጁን ከትምህርት ቤት መውሰድ አለበት፤ ዓርብ የእሱ ቀን ነው። በመሀል ያለው ጊዜ ለአንድ ፎቶ ይተርፋል፣ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ልቡ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎታል። ሁለት ጊዜ በተሳሳተ በር ወጥቶ ተመልሷል። ማመልከቻው በደረት ኪሱ መኖሩን ስንቴ እንደዳበሰ እሱም አያውቀው። ዛሬ ይግባኙን ካላስገባ ልጅቱ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ እሱም ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ እንዲወስዳት የተባለው ፍርድ ጸንቶ ይቀራል። የሚያስፈራው ይኸው ነው።

ሰፈርተኛው "ሴንቲ" ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ችሎት እንኳ አንጠልጥሎት ገብቶ አስተናባሪው አስወልቆታል። ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ትከሻውን ነው። ዳኛዋ ፍርዱን ስታነብ የካባዋ ግራ ትከሻ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ መሰፋቱን አየና፣ ይኼን ደግሞ ማን ነው የሰፋው እያለ ሲገረም የፍርዱ ግማሽ አመለጠው። ሲነቃ እሷ "ከእናቷ ጋር እንድትኖር" የሚለው ላይ ደርሳለች።

ፍርዱ አድልቷል ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሲፋቱ ንብረቱን እኩል ነው ያካፈሏቸው። እሱና ሚስቱ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው በሠሩበት ሱቅ ሁለት ማሽን ነበር፤ አንዱ የስፌት ነው፣ ሌላው ኦቨርሎክ፣ የጨርቁን ዳር እንዳይተረተር የሚመታው። ገማች ተብሎ የተላከው ባለሙያ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ አየና ዋጋቸው አንድ ነው አለ። የስፌቱ ለእሱ ደረሰ፣ ኦቨርሎኩ ለእሷ። ከዚያ ወዲህ ሴንቲ የሰፋውን ሁሉ ዳሩን ለማስመታት ሦስት ሱቅ አልፎ ወደ መጋረጃ ሰፊው ይሮጣል። እሷ ደግሞ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ የሰው ልብስ ዳር ስትመታ ትውላለች፤ አንዲት ኪስ መስፋት ካማራት ጎረቤት ትለምናለች። አንዳቸው የሌላውን ደጅ ከሚረግጡ ጨርቁን በጥርሳቸው ቢሰፉት ይመርጣሉ።

የልጅቱን ነገርም ዳኛዋ ምክንያቷን በጨዋ ቋንቋ ነው የዘረዘረችው። የእናትየው ቤት ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል። አባትየው የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው፣ እስኪመሽም ይሠራል፣ የልጅቱ ፍራሽ የሚዘረጋው በመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ነው። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ በፊት ዳኛዋ ልጅቱን ብቻዋን ቢሮዋ አስገብታ አናግራታለች። ምን እንዳለች ለሴንቲ የነገረው የለም፣ ልጅቱም ትንፍሽ አላለችም። ከፍርዱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው ይኼ ነው።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጎን፣ በቆርቆሮ በተሠራች ኪዮስክ ውስጥ፣ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ከኮምፒዩተሩና ከማተሚያው ጋር ተጣብቦ ይውላል። ጡረታ የወጣ የችሎት ጸሐፊ ነው። ፍርድ የዞረበት ሰው ሁሉ ከግቢው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ የእናት የአባት ስሙ ተረስቶ "ጋሼ ይግባኝ" ሆኖ ቀርቷል። ሰው ተስፋውን ቆርጦ ይመጣል፣ ጋሼ ይግባኝ ቀጥሎለት ይሰደዋል።

ሴንቲን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ሁሉንም ጻፍ" ያለው እሱ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእናትየውን እያንዳንዷን ጥፋት። ሴንቲም አዲስ ደብተር ልግዛ ሳይል የደንበኞቹን ልክ የሚመዘግብበትን ገልብጦ ከኋላ ጀመረ። ከፊት ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት ይጻፋል። ከኋላ ደግሞ፣ ማክሰኞ ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ወሰደቻት፣ ልጅቱ ሳል ይዟት ሹራብ አላለበሰቻትም፣ ጥፍሯ አልተቆረጠም። በስምንት ወር ሃያ ሦስት ገጽ ሞላ።

የሃያ ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ የቀሚሱ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓርብ ልጅቱ ስትመጣ የዩኒፎርሟ ቀሚስ የታች እጥፋት ተፈትቶ፣ ቁመት እንዲጨምር ዝቅ ተደርጎ፣ እንደገና ተሰፍቷል። መፈታቱስ ባልከፋ። የተሰፋው ግን በነጭ ክር ነው፣ በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ፣ ያውም ስፌቱ እዚህ ሰፊ፣ እዚያ ጠባብ። ሴንቲ ነጩን ክር ሲያይ ደሙ ፈላ። የልብስ ሰፊ ልጅ እንዲህ ሆና ትምህርት ቤት ትሂድ? ከእናትየው ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርቷል፣ እጇ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። እንግዲያው ንቃ ነው፣ የትም ይድረስ ብላ ነው። እሑድ ልጅቱን በሌላ ልብስ መለሳትና፣ ቀሚሱን አጥቤ አስተካክዬ አመጣለሁ ብሎ አስቀረ። አላጠበውም፣ አላስተካከለውም። እንዳለ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ለማስረጃ አስቀመጠው።

ጋሼ ይግባኝ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በስልኩ አነሳውና ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። አንዷ ስፌት ጣት እስክታክል ድረስ እያጎላ፣ እያጎላ ሄደ። በሥራው ደስ ብሎታል።

"እየው ወንድሜ" አለ። "ዳኛ መነጽሩን ባያደርግ እንኳ ያየዋል።"

ሴንቲ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ክሩ ወደሚነሳበት ቦታ ነው። ክሩ አልተቋጠረም። በቋጠሮ ፈንታ ሦስት ጊዜ እዚያው በዚያው ተወግቶ ነው የተነሳው። ቋጠሮ ገላ ይቆረቁራል ብሎ ክር የማይቋጥር ልብስ ሰፊ በዚያ ሰፈር እሱ ብቻ ነው፤ ሚስቱ በዚህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትስቅበት ኖራለች፣ እሷ ትቋጥራለች። ከዚያ ስፌቶቹን ተከትሎ ሄደ። ያጋደሉት በተቃራኒው ነው። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው ስፌቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ግራኝ ወደ ሌላው። እሱም በቀኙ ነው የሚሰፋው፣ እሷም በቀኟ። በቤታቸው ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሳትቋጥር ክር ማንሳትንም ያስተማራት እሱ ነው፣ አምና፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ እግሩን እየጎተተች አስተምረኝ ስትለው።

ሳምንት ሙሉ ቀሚሱ በእጁ ነበር። ነጩን ክር አይቶ የቀረውን ሳያይ ቀረ። ለሙያው ይኼ ውርደት ነው።

"ምነው?" አለ ጋሼ ይግባኝ።

"እናቷ አይደለችም የሰፋችው።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"ልጅቱ ራሷ ናት ጋሼ።"

ጋሼ ይግባኝ እጁን ከመዳፊቱ ላይ አንስቶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። "እንዲያውም ይኼ ይሻልሃል" አለ። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናት እያለቻት፣ የገዛ ልብሷን ስትሰፋ። እኔ ዳኛ ብሆን ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። አንቀጽ አራትን አንዴ ላስተካክላት።"

መልሱን ሳይጠብቅ መጻፍ ጀመረ። ሴንቲ ጣቶቹን እያየ ቆመ። "ሕፃኗ የእናት ክብካቤ በማጣቷ ልብሷን በገዛ እጇ ለመስፋት የተገደደች በመሆኑ" የሚለው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ አንብቦታል። ተው አላለውም። ውሸት የት አለበትና ተው ይበለው? ማተሚያው እያቃሰተ ዘጠኝ ገጽ በሦስት ኮፒ፣ ሃያ ሰባት ገጽ ተፋ። ፎቶው ከላይ ተያያዘ። ሴንቲ የአገልግሎቱን ከፍሎ፣ ወረቀቱንም ቀሚሱንም ፌስታሉ ውስጥ አድርጎ ወጣ።

ወጥቶ ግን ወደ መስኮቱ አልሄደም። በአጥሩ ጥግ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፣ ደግሞ ወደ ላይ ሄደ። ሊስትሮ ጫማህን ልጥረግልህ ሲለው እሺ ብሎ እግሩን ሰጠና ገና አንዱ ሳያልቅ ተነስቶ ሄደ። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ለልጅቱ እናት ደወለ። በወረቀት ካልሆነ በቀር ከተነጋገሩ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ከጀርባዋ የኦቨርሎኩ ድምፅ ይሰማል።

"ቀሚሱ የት ደረሰ?" አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። "ሳምንቱን ሙሉ ያምናውን ለብሳ ነው የሰነበተችው። ጉልበቷ ላይ አይደርስም። ትናንት ከሰልፍ አስወጥተዋታል፣ ይኼን ታውቃለህ?"

አያውቅም። እጥፋቱን ማን እንደሰፋው ጠየቃት።

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ካንተ ዘንድ በመጣች ማግስት ነው እኮ ያየሁት። ሥራ በዝቶብህ ለሌላ ሰው ሰጥተኸው መስለኝ። ለገዛ ልጁ በነጭ ክር ያሰፋል ብዬ ስንቱን ስረግምህ..." ንግግሯን አቋረጠች። የማሽኑ ድምፅም ቆመ። "አንተ አይደለህም?"

"አይደለሁም።"

የሚያስቡት አንድ ነገር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን ማንም አልጀመረውም። ሴንቲ ልጅቱን ልወስድ መሄዴ ነው አለና ስልኩን ዘጋ።

አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ከወላጆች ጋር ተጋፍቶ ቆመ። ልጆቹ ግር ብለው ሲወጡ እንደ ልማዱ ትከሻ ትከሻቸውን ያይ ጀመር። ይኼ ተዛንፏል፣ ያኛው ከወንድሙ የወረሰው ነው፣ የዚህችኛዋ ወገብ ያለ ቦታው ነው። እንዲህ እያለ የልጆችን ልብስ ሲያማ አንዲት ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ የቀረ፣ ብብቷ ሥር የተወጠረ፣ ቦርሳዋን ከፊት አድርጋ ጉልበቷን የምትሸፍን ልጅ መጣች። የማን ምስኪን ናት ብሎ ሳይጨርስ የራሱ መሆኗን አወቀ።

"ሚጡ" አላት።

ልጅቱ ስማው ስለ ሒሳብ ፈተናዋ ማውራት ጀመረች። ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ አወራች፣ አወራች፤ አንዴ ሳል ሲመጣባት አፏን ገጥማ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ይዛ፣ ዋጠችው። እሱ ሰዓቱን እያየ ነበርና ልብ አላላትም። መንገዱ ተዘጋግቷል። እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ ፌስታሉን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ያዛውራል። አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ እንሄዳለን ብሏታል። የፍርድ ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ግን ወሬዋን አቋርጣ ቀጥ አለች።

"ጉዳይህ እዚህ ነው?"

"አምስት ደቂቃ ብቻ። ወረቀት ሰጥቼ እንወጣለን።"

"ዳኛዋ ልትጠይቀኝ ነው?"

"ማንም አይጠይቅሽም፣ ሚጡዬ።"

ግቢው ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነው። መስኮቱ ጋ አምስት ሰው ተሰልፏል። ማመልከቻውን ከፌስታሉ መዝዞ፣ ፌስታሉን ያዢልኝ ብሎ እሷ ጉልበት ላይ ጥሎ ሮጠ። ከፎቶዎቹ አንዱ ተላቅቆ እዚያው ፌስታሉ ውስጥ መቅረቱን ያወቀው ሰልፍ ከያዘ በኋላ ዞር ሲል ነው። ልጅቱ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዴ ይኼን አንዴ ያንን ታያለች።

ወረፋውን ከኋላው ላሉት ሴትዮ አደራ ብሎ ተመለሰ።

"ቀሚሴ አልታጠበም" አለችው።

"አልታጠበም።"

"ፎቶ አነሳኸው።" ጣቷን በፎቶው ላይ፣ በትላልቆቹ ነጫጭ ስፌቶች ላይ አስኬደች። "መጥፎ ነው አይደል?"

"መጥፎ አይደለም። አነሳስሽ ጥሩ ነው። ሦስት ጊዜ ወግተሽ ነው ክሩን ያነሳሽው።"

ቀና ብላ አየችው። "እኔ መሆኔን አወቅህ?"

"አወቅሁ። የት ሆነሽ ሰፋሽው?"

"ትምህርት ቤት፣ በእረፍት። የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ ነጭ ክር ብቻ ነው ያለው።"

ሴንቲ አጠገቧ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሲቀመጥ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ለምን ለእናትሽ አልነገርሻትም አላት፣ ለምንስ ለእኔ አልሰጠሽኝም።

"ለእማዬ ብነግራት አባትሽ ልብስ ሰፊ አይደለም ወይ ብላ ትናደዳለች" አለች፣ እጥፋቱን እያየች።

"እኔስ?"

"አንተ ደብተሩ ላይ ትጽፈዋለህ።"

የቱ ደብተር አላት፣ የቱ እንደሆነ ከማንም በላይ እያወቀ።

"የልክ ደብተሩ ነዋ፣ ከኋላው። ጠረጴዛው ሥር አስቀምጠኸው አንብቤዋለሁ።" ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለበትም፤ እንደ ሒሳብ ፈተናው ነው የምታወራው። "ሳሌንም ጽፈኸዋል፣ ጥፍሬንም። አሁን ጥፍሬን ዓርብ ጠዋት ራሴ እቆርጣለሁ። እየው።"

ሁለት እጇን ዘረጋችለት። የቀኝ እጇ ጥፍሮች ደህና ተቆርጠዋል። የግራዋ ግን፣ በማይመቻት እጅ የተቆረጡት፣ አንዱ ጠልቋል አንዱ ተርፏል፤ የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ የደረቀ ደም አለ። ሴንቲ እጇን ያዘው።

ሃያ ሦስት ገጽ ጽፏል። ስንት ሰዓት እንደመጣች፣ ምን እንዳልለበሰች፣ ማን ምን እንዳላደረገላት። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የልጅቱ ልክ አንድም ቦታ የለም። የመጨረሻው ልኳ ያለው ከፊት ነው፣ ከስምንት ወር በፊት። ሰፈሩን ሁሉ በዓይኑ የሚለካ ሰው የገዛ ልጁ በምን ያህል እንዳደገች አያውቅም።

"የቀሚሱ ሰውዬ!" አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ። ሰልፉ አልቋል፤ አደራ የተባሉት ሴትዮም ጨርሰው እየወጡ ነው። "አምስት ደቂቃ ነው የቀረህ።"

ሴንቲ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ማመልከቻው በእጁ ነው፣ ከአንዱ ፎቶ በቀር ሁሉም ተሟልቷል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ቢያስገባው ምናልባት ይረታል። አንቀጽ አራት ጠንካራ ነው፣ ጋሼ ይግባኝ እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም። ቢረታ ደግሞ ልጅቱ ስለ እናቷ ቤት የምትደብቀው ይቀርና ስለ እሱ ቤት መደበቅ ትጀምራለች፤ ደብተር የምትይዘው ያኔ እናትየው ናት። ባያስገባውስ? ባያስገባው ከዓርብ እስከ እሑድ ነው፣ እስክታድግ ድረስ ከዓርብ እስከ እሑድ። ይኼን ሲያስብ ፈራ። ወደ ልጅቱ ዞረ። ፎቶውን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትደብቅ እየታገለች ነው።

"ዝጊው እህቴ" አለ። "ይቅርብኝ።"

"ነገ አይባልም እኮ። ዛሬ ካለፈ አለፈ።"

"አውቃለሁ።"

ሠራተኛዋ ሰውየውን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትም አየች። የቀሩትን ደቂቃዎች ጠበቀችለት። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች።

ሴንቲ ተመልሶ ልጅቱ ፊት ቆመ። ልቡ አሁንም እንደ ጠዋቱ አልረጋም፤ ልክ ነው የሠራሁት ወይስ አብጃለሁ የሚለውን የሚነግረው ሰው የለም። ለዳኛዋ ምን ብለሽ ነበር ብሎ ሊጠይቃት አፉ ላይ ደረሰ። አልጠየቃትም። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"ተነሺ እስቲ። ቀጥ በይ።"

እዚያው ፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ዘበኛው እያያቸው፣ ለካት። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። ከትከሻ እስከ ጉልበት ስድሳ ስድስት። ከስምንት ወር በፊት ስድሳ ሁለት ነበር፣ በቃሉ ያውቀዋል። አራት ሴንቲ ሙሉ ሳያያት አድጋለች። ደብተሩን አልያዘምና ቁጥሮቹን በማመልከቻው ጀርባ ላይ ጻፋቸው።

ሱቅ ሲደርሱ ገና አልመሸም። ሴንቲ አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከመደርደሪያው አወረደ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ልኩ በወረቀት ላይ ተሥሎ ይቆረጣል፤ ለዚያ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ሥር አይጠፋም ነበር። ዛሬ ጋዜጣውን አላወጣም። ሃያ ሰባቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ በተነና ልጅቱ በፕላስተር ጎን ለጎን እያጣበቀች እንድታቀብለው ነገራት። ስድስቱ ለፊት፣ ስድስቱ ለጀርባ፣ የቀረው ለኪስና ለወገብ። እሷ ጽሑፉን እንዳታነብ ግልብጡን ወደ ላይ አድርጎ ማስመር ጀመረ።

ያለቀለት ልብስ ዳሩ መመታት አለበት። የመጋረጃ ሰፊው ሱቅ ገና ክፍት ነው፣ መብራቱ ከዚህ ይታያል። ሴንቲ መብራቱን ትንሽ አየና ስልኩን አነሳ። ከጀርባዋ ማሽኑ ይሰማል።

"የልጅቱን ቀሚስ አዲስ ልሰፋላት ነው" አላት። "ዳሩን ትመቺልኛለሽ?"

ማሽኑ ቆመ። ልትዘጋበት ነው ብሎ ጠበቀ።

"ነገ አምጣው" አለች። "እሷንም ይዘሃት ና።" ነገ ቅዳሜ ነው፣ የእሱ ቀን ነው፤ ይኼን ሁለቱም አላነሱትም። ስልኩን ሲያስቀምጥ ልጅቱ ፕላስተሩን በጥርሷ እንደያዘች ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"እጥፋቱን ስንት ትተውለታለህ?"

"አራት ጣት። ስታድጊ እንፈታዋለን።"

"ማን ነው የሚሰፋው?"

"ከፈለግሽ አንቺ።"

ልጅቱ አሰበችበት። የክር ሣጥኑን ከፍታ ጎረጎረች፤ ሳል መጣባትና ልትውጠው አፏን ገጠመች፣ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ለቀቀችውና እስኪበቃት ሳለች። ሴንቲ ከእርሳሱ ላይ ቀና አላለም። ውሃው ማሰሮ ውስጥ አለ አላት ብቻ። ጠጥታ ተመለሰች።

"ሰማያዊው አልቋል" አለች። "ነጩ ደግሞ ይታያል።"

"ይታይ" አላትና መቀሱን አንቀጽ አራት ላይ አስገባ።